ቢላው ያልደረሰበት

ነሐስ አቅላጩ ከሚስቱ ጋር ሥራውን የተካፈሉት ገና ሲጋቡ ነው፤ ጭቃውና ሰሙ የእሷ፣ እሳቱና ማለስለሱ የእሱ። እሷ ውስጠኛውን ጭቃ በአውራ ጣቷ እየጠቀጠቀች ቅርጽ ታስይዝና ሰሙን ታለብስበታለች። እሱ ደግሞ ቢላውን ሞቅ አድርጎ በሰሙ ላይ የቀረውን የጣቷን አሻራ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል። "እኔ ልሥራ፣ አንተ አጥፋ! ጥሩ ባል አገኘሁ" እያለች ታሾፍበት ነበር።

እርጅና ሲጫጫናቸው አንዲት ወጣት ቀራፂ መጣች። ከሚስቱ ጋር ሆነው ራስ የሌላት፣ ጎንበስ ያለች ሴት በጭቃና በሰም ሠሩ። ሚስቱ "ይቺ ሴትዮሽ ወገቧን ታማ ነው እንዴ?" ስትላት ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ቀራፂዋ ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች፤ በሴትዮዋ ጀርባ ላይ ያረፈው የሚስቱ አሻራ እንዳለ ነሐሱ ላይ እንዲወጣ ፈለገች።

"ጋሼ፣ አደራ፣ ጀርባዋን እንዳይነኩብኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ!" አለ፤ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ሥራ ከቤቱ ሊወጣ መሆኑ ከንክኖታል።

ከዚያ ሚስቱ ታመመች፤ አልተነሳችም።

ሰሙ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ነሐሱ የሚፈስሰው ሰሙ ቀልጦ በሚለቀው ቦታ ነው፤ ካልተሳካ ደግሞ ከእሷ እጅ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሲል ከረመ። በመጨረሻ ሙቀቱ በረታና ሰሙ መላላት ሲጀምር ቆረጠና ተነሳ።

ያን ጠዋት ባዶ በርጩማዋ ፊት ተቀመጠ። ሐሳቡ እሷ ዘንድ ነበር። እጁ ግን የለመደውን ያውቃል፤ ቢላውን አሞቀ፣ ሰሙን አንስቶ ጭኑ ላይ አስተኛ። ልብ ሲል የሴትዮዋ ጀርባ ልሙጥ ሆኗል።

ክው አለ። የራሱን አውራ ጣት ሊያሳርፍበት ቃጣውና አፈረ።

ቀራፂዋ ስትመጣ ሳይደብቅ ነገራት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። በርጩማው ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች። ሲበቃት "ያፍስሱት እንግዲህ" አለችው።

ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ አቀለጠ፣ ነሐሱን አፈሰሰ፣ ሲበርድ የላዩን ጭቃ ሰበረ። እንከን የለሽ ሆኖ ወጣ፤ በዕድሜው እንዲህ ጥሩ ሥራ ጠልቶ አያውቅም። ገልብጦ ውስጠኛውን ጭቃ በብረት ፈለፈለና እንደ ልማዱ አቧራውን ሊያራግፍ በአንገቷ ቀዳዳ እጁን ሰደደ።

ጉብ ጉብ ያለ ነገር ነካው። አንድ፣ ከጎኑ ሌላ፣ በጀርባው ልክ እየተከታተለ ይወርዳል። አውራ ጣቷ ጭቃውን የጠቀጠቀበት ሁሉ ነሐስ ሞልቶበታል። ቢላው እዚያ ደርሶ አያውቅም።

"ልጄ፣ እጅሽን አምጪ!"

ከጎኑ የነበረችው ቀራፂ ዳበሰችና አፏን ያዘች።

እሱ ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። እንዲህ ያለውን ጉብታ በየሥራው ውስጥ ሲዳብሰው የኖረ ነው። ሻካራ ነው፣ ውስጡን ማን ያየዋል እያለ አራግፎ ሸጦታል። ቤቱን ዞር ብሎ ቃኘ፤ ከሠራችው ዕቃ አንድም አልቀረም። ይቺም ብትሆን በሌላ ከተማ ለሚከፈት ኤግዚቢሽን ቃል ተገብቶባታል።

የምትወሰድበት ቀን ደረሰና ሳጥን የያዙ ሰዎች መጥተው ከአጠገቡ ቆሙ።

"አባት፣" አሉት ቀስ ብለው፣ "እጅዎን ያውጡልን።"