የአባባ ሳደቦ ጭልፊቶች

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ጭልፊት የሚወድ ሰው ቢፈለግ ከአባባ ሳደቦ ሌላ አይገኝም ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመቴ። ቤታችን ሴቻ ሰፈር ጫፍ ላይ፣ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ነበር፤ ከእሳቸው የሚለየን አንድ አጥር ነው። ዕድሜያቸውን በፓርክ ዘበኝነት ጨርሰው፣ ወፍ ሊያጠኑ ለሚመጡ ፈረንጆች ድንኳን ተሸክመው ገደል ለገደል ሲዞሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡት አንድ ያረጀ ካፖርትና የወፍ ፍቅር ብቻ ነው። እናቴ «እኚህ ሰውዬ ከሰው ይልቅ ላባ ያለው ይበልጥባቸዋል» እያለች ትስቅ ነበር።

ያኔ መብራት በሄደበት ስለሚቀር፣ ፀሐይ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ስትገባ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እሳቸው ደጅ እንሰበሰብ ነበር። የበቆሎ ቆሮቆንዳ ያነዳሉ፤ ስኳር ድንቹን ረመጥ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ከቤት ውስጥ የኩራዙ ብርሃን በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ እየሾለከ፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። እኔን ሴቷን «ና አንተ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በል» ሲሉኝ ልጆቹ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን አጠገባቸው መቀመጤን እንጂ ሌላውን ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የሚደጋግሙት የገደሏን ጭልፊት ነው። እግዜር ለፍጥረቱ ምግብ ሲያድል ጭልፊት ዘግይታ ደረሰች። መሬት ላይ ያለው ሁሉ ታድሎ አልቋል። «የቀረው ሰማዩ ነው» አላት። «ይበቃኛል» አለችና ምድር ላይ የቆመ ነገር ላትነካ ምላ በረረች። ስለዚህ፣ ይሉናል አባባ ሳደቦ፣ ጫጩት የሚሰርቀው ያ ክንፈ ሰፊው ሌላ ነው፤ የኛ ትንሹ ግን በአየር ላይ የሚበረውን ይይዛል እንጂ ምድር አይነካም። ይህን የሚነግሩን እንቅልፍ እንዲወስደን አልነበረም። ገደሉ ላይ ድሮ ጎጆው ብዙ ነበር አሉ፤ ወንዶቹ ልጆች በወንጭፍ፣ እናቶች ለጫጩት ሌባው ባስቀመጡት መርዝ፣ እሱን በቀመሰ ወፍ በኩል፣ ጨርሰውት የቀረው አንድ ነው። «ይኼ ካለቀ አለቀ» ሲሉ ድምፃቸው ይሰበራል።

ተረቱን ወደየቤታችን ወሰድነው። ወንዶቹ ወንጭፋቸውን ጣሉ። በዶሮዎቿ እንቁላል ልጆቿን የምታሳድገው እትዬ ብርቄ እንኳ፣ መርዝ በማስቀመጥ አቻ ያልነበራት ሴት፣ «እሺ፣ አባባ ሳደቦ ካሉ ይሁን» ብላ ብልቃጡን ሽንት ቤት ጣለችው።

በዚያው ዓመት እናትየዋ ጭልፊት ከሌላ ሰፈር መርዝ የቀመሰ ወፍ ይዛ በልታ ሞተች፤ ባልየውም የት እንደገባ አልታወቀም። አባባ ሳደቦ በዚያ ዕድሜያቸው ወገባቸውን በገመድ ታስረው ገደል ወረዱና ሁለት ጫጩት በካፖርታቸው ኪስ ይዘው ወጡ። ከፈረንጆቹ ያዩትን አስታውሰው ከቀርከሃ ቤት ሠሩላቸው። አሳድገው ወደ ገደሉ ሊመልሷቸው፣ እነሱም ጎጆ ሠርተው ሊዋለዱ ነው ሐሳቡ። አንድ ሕግ ነበረው፦ ጫጩቶቹ የሰው ፊት ማየት፣ የሰው ድምፅ መስማት የለባቸውም። ሥጋው ተከትፎ ከውጭ በቀርከሃ ቧንቧ ይንሸራተትላቸዋል። «ሰው ከለመደ ሞተ» ይሉ ነበር።

የወንድማቸውን ሞት ተረድተው ገረሴ ለለቅሶ ሲሄዱ አደራውን ለእኔ ሰጡኝ። ከልጆቹ ሁሉ መርጠው! ሦስት ቀን እንዳሉኝ አደረግሁ። በአራተኛው ቀን ግን... እውነቱን ልናገር፤ ማንም አላሳሳተኝም። እንዲያውቁኝ ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የማጽጃዋን ትንሽ በር ከፈትኩና ሥጋውን መሬት ላይ በትኜ፣ እናቴ ዶሮ እንደምትጠራው ምላሴን ከላንቃዬ እያጋጨሁ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ጥግ ይዘው ጮኹብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ገና ስጠራቸው እየተንገዳገዱ በእግራቸው ይሮጡልኝ ጀመር። ወይ ያኔ የነበረኝ ደስታ! አባባ ሳደቦ ሲመለሱ በሩን ዘግቼ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆንኩ። በቀዳዳ አዩዋቸውና «አድገዋል። ጎበዝ ነህ አንተ» አሉኝ።

የተለቀቁ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥቶ ነበር። በረሩ። አባባ ሳደቦ በካፖርታቸው እጅጌ እንባቸውን ሲጠርጉ አይተን እኛም አለቀስን።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ጠዋት ነው፣ ውሃ ቀድቼ በእትዬ ብርቄ ግቢ በኩል ስመለስ እሷ ዶሮዎቿን ጥሬ ልትበትንላቸው ምላሷን እያጋጨች ትጠራለች። ከገደሉ በኩል አንዷ ጭልፊት መጣችና እግሯ ሥር መሬት ላይ ዐረፈች። አፏን ከፍታ ቆመች። ዶሮዎቹ ተተራመሱ፤ አንድ ጫጩት በግርግሩ ተረግጦ ሞተ። «ወሰደችብኝ!» ብላ ጮኸች እትዬ ብርቄ፤ ዘነዘናው አጠገቧ ነበር፤ አንሥታ መታቻት። ጭልፊቷ ልትሸሽ እንኳ አልሞከረችም። ሥጋዋን እየጠበቀች ነበር፤ ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ምድር አይነካም ያሉን የት አለ?» አለ ሰፈሩ። «ሽማግሌ አይዋሽም ብለን!» ከሰዓት በኋላ ወንጭፉ ከተጣለበት ወጣ፤ መርዙም ከሲቀላ ገበያ ተገዛ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛዋን አባባ ሳደቦ ገደሉ ሥር ሞታ አገኟት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተው «ምን ነገር ነው ምድር ያወረደው?» እያሉ ራሳቸውን ጠየቁ። እኔንም ጠየቁኝ። «እንጃ» አልኩ።

በማግስቱ እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው እትዬ ብርቄ ደጅ ሄዱና ተንበረከኩ። በኛ በጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም። ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁበት አይቻለሁ፤ ለጫጩት ብሎ የተንበረከከ ሽማግሌ ግን አይቼ አላውቅም። «ልጆቻችሁን ውሸት አስተማርኩ። ጭልፊቱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቀውም። ማሩኝ» አሉ። እትዬ ብርቄ ደንግጣ «ኧረ በሞቴ ይነሱ አባባ፣ ምን ጉድ ነው!» እያለች ክንዳቸውን ትስባለች። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ ብል ያበቃ ነበር። አላልኩም። ተነሥተው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «አንተም ማረኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ደጃቸው ላይ እሳት አልተነሣም። ልጆች ሲሄዱባቸው «አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ የማውቀው የለኝም» ብለው ይመልሱናል። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ሞቱ። ለቅሷቸው ላይ ሰዎች «ደግ ሰው ነበሩ፣ ወፏ ናት ያዋረደቻቸው» ሲሉ ሰማሁ። ገደሉም እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

የኛ ሰዎች ተሰውሮ የቀረ ጥፋት ጎሜ ነው ይላሉ፤ ወጥቶ ካልተነገረ ከብት ይጨርሳል፣ ዝናብ ያስቀራል፣ ባለቤቱን ያሳምማል። ልጅ ሆኜ እየፈራሁ ጠበቅሁት። ዝናቡ በወቅቱ ዘነበ። ላማችን ወለደች። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ በጤና እዚህ ደረስኩ። በእኔ ጥፋት የተቀጡት እሳቸው ናቸው፤ ለምን እንደተቀጡም ሳያውቁ ተቀበሩ።