ከዓይናለም ድንጋይ ሥር የመጣች ሸረሪት

ሸረሪቷ ቤቴ የገባችው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ያመጣልኝ ከወሎ መጥቶ፣ ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ዓይናለም ዳር ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው ነበር። እኔ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት የማገለግልበትን ትምህርት ቤት አጥር ሲሠሩ፣ ምሳውን የሚበላው መስኮቴ ሥር ነበር። ስለ እባብና ጊንጥ ሲጠይቀኝ መጽሐፍ አውጥቼ አሳየዋለሁ። አንድ ቀን የታራንቱላ ሥዕል አይቶ ሳቀ።

«እትዬ፣ ይቺን እንኳ አውቃታለሁ። የእኛዋ ግን እንዲህ አይደለችም። አመድማ ናት፣ ጠጉሯ የተበጠረ ይመስላል። በዓመት አንዴ ብትታይ ነው።»

«ድንጋዩን ስትገለብጥ አትደፈጥጣትም?»

«ቢስሚላህ ብዬ በመዶሻ ሦስቴ አንኳኳለሁ። ከሥር ያለ ነፍስ ይስማና ይጠንቀቅ ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር።»

በሳምንቱ ጣሳውን ይዞ መጣ። ክዳኑን በምስማር በሳስቶታል።

ያኔ አርባን አልፌያለሁ። በከተማው ሰሜን በኩል ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ድመት ትጮኻለች፤ ውሻ ሰው ይፈልጋል። እኔን የሚያምረኝ ከማነበው ቀና ስል የማየው ዝምተኛ ነገር ነበር። የዚህ ዓይነቷ ሴት ሸረሪት ብዙ ዓመት ትኖራለች የሚል አንብቤ፣ ከእኔ ጋር የምታረጅ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። ቢሆንም ቸኩዬ አልወሰንኩም። ላኑራት ወይስ ልመልሳት የሚለውን እስከ ፋሲካ አጥንቼ እቆርጣለሁ አልኩ። የሳይንስ ክፍሉ የጣለውን የዓሣ ማኖሪያ መስታወት አጥቤ አፈር ሞላሁበትና አስገባኋት።

አከራዬ፣ በትግርኛ አደይ፣ እናቴ፣ የምላቸው፣ እኔንም ጓለይ፣ ልጄ፣ የሚሉኝ፣ በሩ ላይ ቆመው ጮኹ።

«ዋይ አነ! ሸረሪት የሸናበት ገላ እንደሚቆስል አታውቂም፣ ጓለይ? ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ አንቺ ውጪ!»

«አደይ፣ ይህቺ እኮ ድር እንኳ ጣሪያ ላይ አታደራም። ጉድጓድ ነው የምትቆፍረው።»

«ቆፍራ እኔ ክፍል ብትወጣስ?»

በሦስተኛው ቀን ግን ከደጅ ሆነው «በላች?» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን በርጩማቸውን ይዘው ገቡ።

አልበላችም። መጽሐፉ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን ይላል። እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ለልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ስለነበር፣ የተጻፈ ትእዛዝ አልስትም። በዚያ ዓመት ውሃ በፈረቃ ነበር፤ ቧንቧው ከሳምንት በላይ ደርቆ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ፊቴን በአንድ ኩባያ እየታጠብኩ ለእሷ በየጠዋቱ ግማሽ ኩባያ እረጫለሁ። እሷ ግን ጉድጓድም አልቆፈረች፣ የጣልኩላትን ፌንጣም አላየች። መስታወቱ ላይ ወጥታ እንደተንጠለጠለች ትውላለች።

«ጾም ይዛ ነው» አሉ አደይ። በእርግጥም ዐቢይ ጾም ነበር። «ሲፈታ ትበላለች።» እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን ፊታቸው አያስታውቅም።

ሆዷ ሲሟሽሽ ውሃ አነሰ ብዬ ጨመርኩ። የባሰ ወደ ላይ ወጣች። እንደምትሞትብኝ ሲገባኝ ድንጋይ ፈንቃዩን ለመንኩት። ፋሲካ በዋለ ማግስት መጣና ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ።

«እትዬ፣ ምነው ጭቃ ላይ አስቀመጥሻት?»

«መጽሐፉ…»

«መጽሐፉ የማንን አገር ሸረሪት ነው የሚያውቀው? እኛ ድንጋዩን ስንገለብጥ ከሥሩ አቧራ ነው የሚቦነው። እየሸሸችሽ እኮ ነው!»

መጽሐፉን ገለጥኩ። ከሥዕሉ ግርጌ የሌላ ክፍለ ዓለም፣ ዝናብ የማይለየው ደን ሸረሪት እንደሆነች ተጽፏል። ያን መስመር አንብቤው ነበር። ድንጋይ ፈንቃዩም «የእኛዋ እንዲህ አይደለችም» ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም ሰምቼ የፈለግሁትን አደረግሁ።

«አፈሩን ባደርቀውስ፣ ትኖርልኛለች?»

ጭቃውን ከጣቱ ጠረገ። «ትኖር ይሆናል» አለ።

ለዓመታት በ«ይሆናል» ላኖራት አልቻልኩም። ጣሳውን አምጥቼ ቀስ ብዬ በወረቀት ገፍቼ አስገባኋት።

አብረን ዓይናለም ዳር ሄድን። እሷን ያገኘበትን ድንጋይ አልሳተውም፤ እንደነበረ መልሶ ከድኖት ኖሯል። መዶሻውን አነሳና ሦስቴ አንኳኳ።

«ለማን ነው የምታንኳኳው? እሷ እኮ እጄ ላይ ናት።»

«ሌላ ነፍስ ገብቶበት ቢሆንስ?»

ድንጋዩን ገለበጠው፤ ከባዶው ጉድጓዷ በቀር ከሥሩ ምንም አልነበረም። ጣሳውን አጋደምኩት። ወጥታ ትኩስ አቧራው ላይ ቆመች፤ የፊት እግሮቿን አንድ በአንድ አሳረፈች። ከዚያ ማንም ሳይገፋት ወደ ጉድጓዷ ገባች። ድንጋዩን በእርጋታ መለስነው።

ቤት ስደርስ አደይ ደጃፌ ላይ ቆመዋል። በሳህን ላይ የሻይ ብርጭቆ ደፍተው ይዘዋል፤ ውስጡ በረሮ ይሯሯጣል።

«ጾም ተፈታ አይደል፣ ጓለይ? ላስፈስካት ብዬ ነው።»

ባዶውን ጣሳ አሳየኋቸው። መስታወቱ ወዳለበት ጥግ አዩ።

«አገሯ ገባች?»

«ገባች፣ አደይ።»

በረሮ ሲያዩ ጫማ የሚያነሱት ሴትዮ ሳህኑን ይዘው እስከ አጥሩ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን አነሱለት።