የሁለተኛው ሰው ቲኬት

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የክሬዲት ካርዱ ተዘጋ። የእኔም አብሮ ተዘጋ፤ ለካስ በእሱ ሒሳብ ላይ የተጨመረ ካርድ ነበር። ይህን ያወቅሁት በምንኖርበት በሃሉንዳ ሰፈር፣ ሱቅ ውስጥ ወተትና ዳቦ ይዤ መክፈያው ጋ እንደቆምኩ ነው።

እሱ በዚያ ካርድ የበረራ ነጥብ ያጠራቅም ነበር፤ በገዛበት ቁጥር ለአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ነጥብ ይሰጡታል። ከቤተ ክርስቲያን ለለቅሶ ቤት የሚወሰደው ምግብ ሲገዛ፣ ሰው ያዋጣውን ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ በካርዱ የሚከፍለው እሱ ነበር። ወጣቶቹ ይቀልዱበት ነበር።

"ጋሼ፣ ሰው ባረፈ ቁጥር እርስዎ ሊበሩ ነው።"

"ብቻዬን አይደለም፣ እሷን ይዤ ነው" ይላቸዋል።

እውነቱን ነው። በዓመት ውስጥ በካርዱ ብዙ የገዛ ሰው አንድ ቲኬት ሲቆርጥ፣ ሁለተኛው ሰው በነጥብ አብሮት ይሄዳል። ጡረታ ስንወጣ፣ በወጣትነቱ ያስተማረባትን አዋሳን ሊያሳየኝ ያስብ ነበር።

የእሱ ለቅሶ ጊዜ ለምግቡ ማን በካርዱ እንደከፈለ አላውቅም። አልጠየቅሁም።

ከወራት በኋላ ልጄ ሁለት የካርድ ማመልከቻ ይዛልኝ መጣች። አንዱ ያው የበረራው ነው፤ ሌላው ከምግብ ግዢ ላይ ጥቂቱን በኩፖን የሚመልስ።

"ማማ፣ አንቺን የሚጠቅምሽ የቱ ነው?" አለችኝ በስዊድንኛ።

መልሱ ግልጽ ነበር። የበረራው ካርድ በየዓመቱ ያስከፍላል፤ እኔ ደግሞ ከቤት ብዙም አልወጣም። ግን የምግቡ ማመልከቻ ላይ ከፈረምኩ፣ የአዋሳውን ጉዞ በገዛ እጄ ማስቀረቴ ነው። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ።

"ሁለተኛው ሰው ማን ይሆናል?" አልኳት።

 ባልለመደችው አማርኛ፣ "እኔ" አለች።

"አንቺ አውሮፕላን ትፈሪ የለም?"

"እፈራለሁ።"

እጇን ያዝኩት። እሷ ከእኔ ጋር ብትሄድ፣ እሱ የሚያውቀውን መንገድ ሁለታችንም አናውቀውም። ማን ለማን ያሳያል? የምግቡ ላይ ፈረምኩ።

በመጸው ከጉባኤያችን አንዲት እናት አረፉ። ሱቅ ሄደን ጋሪው ሞላ፤ መክፈያው ጋ ስንደርስ እንደ ድሮው ሁሉም አንድ ሰው እስኪከፍል ጠበቀ። ካርዴን አወጣሁ።

"እትዬ፣ እርስዎስ ወዴት ሊበሩ ነው?" አለ ከወጣቶቹ አንዱ፤ ወዲያው ደነገጠ።

"የትም አልበርም። ይሄ የወተት ካርድ ነው" አልኩት።

ያዋጡትን ጥሬ ገንዘብ ሰብስቦ ሰጠኝ። ሳልቆጥር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ባለቤቴም እንደዚሁ ነበር የሚያደርገው።