የቁም ሳጥኑ መስታወትና የማኪናችን ቁልፍ

ወንድሜ ከመካነ ብርሃን በሰው ማኪና ተሳፍሮ መጣ። የራሱን የት እንዳደረገው ስጠይቀው ጫማውን ማውለቅ ያዘ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ስነዘንዘው ጊዜ፣ ቁልፉን ዕቃ የጫነላቸው የአንዲት ሙሽራ አባት ኪሳቸው እንደከተቱት ነገረኝ።

ሥራችን የቤት ዕቃ ማመላለስ ነው። አልጋም ይሁን ሶፋ ጎንደር ካሉት እንጨት ቤቶች አንስተን ወደ ደጋው እናደርሳለን። እሱ ይነዳል። እኔ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለችው ክፍላችን ሆኜ ስልክ አነሳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ዕቃ የምንጠቀልልባቸውን ብርድ ልብሶች አራግፋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ እንጂ መቀመጥ የሚሆንልኝ ሰው ሆኜ አይደለም። ማኪናዋ ከሌለች ግን ይህም ሥራ የለም። ያለችን እሷ ብቻ ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። የሙሽራዋ አባት ለልጃቸው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ጎንደር ድረስ መጥተው አሠሩ። ወንድሜ በሠርጉ ዋዜማ እሳቸውንም ቁም ሳጥኑንም ጭኖ ሄደ። ሙሽሮቹ የሚገቡበት ቤት ደጃፍ ሲደርሱ የሙሽራው ሚዜዎች እየጨፈሩ ተቀበሏቸው። ወንድሜ የኋላውን ከፍቶ ገመዱን እንደፈታ፣ እንግዳ አይሸከምም ብለው ቁም ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ቀጥ ብለው ቢያስገቡት ምን ነበረበት! ተሸክመውት መጨፈር ያዙ። አንዱ እስክስታ ሲመታ ሌላው ዘለለ፣ ቁም ሳጥኑ በፊቱ ተደፋ፣ መስታወቱም ረገፈ።

"ታዲያ ያንተ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?" አልኩት።

"ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ።"

ያበደ መሰለኝ። ደጋ ላይ ግን ወጉ እንዲህ ነው፦ ጠብ እንዳይነሳ አንዱ ቀድሞ "በደሉ የኔ ነው" ይላል። ሌላው "ኧረ የለም፣ የኔ ነው" ብሎ ይቀማዋል። ሲቀማሙ ነገሩ ይበርዳል። ወንድሜም ሚዜ በሠርግ ዋዜማ አይዋረድም ብሎ ቀድሞ አለ። ከዚያ እስኪቀሙት ቆሞ ጠበቀ። የቀማው የለም። አባትየው እጃቸውን ዘርግተው ለመስታወቱ መያዣ ብለው ቁልፉን ተቀበሉት።

አንድ አናጺ የዕቃ አጓጓዦችን ጉዳይ የምትይዝ ጠበቃ ጠቆመኝ፤ ወንድሜን እየጎተትኩ ሄድኩ። ሴትየዋ ትንሽ እንኳን አላዘነችልንም። ዕቃው ሲወድቅ በማን እጅ ነበር? ርክክብ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? አጓጓዥ የሚጠየቀው እስኪያስረክብ ነው አለች። ወንድሜ የቁም ሳጥኑን አንዱን እግር በጣቱ ይዞ እንደነበር ነገራት። ይዘህ ነበር ወይስ ነክተህ ስትለው ብዙ አሰበና፣ ነክቼ አለ። እኔ መሳቅ ፈለግሁ፣ እሷ ግን ጻፈችው።

ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ማኪና ይዞ ማስቀረት እንደማይቻል፣ ማስጠንቀቂያ እንደምትጽፍ፣ ካስፈለገም ፖሊስ ይዘን እንደምንሄድ ነገረችን። ጥፋቱ የኔ ነው የምትለዋን ግን ሁለተኛ ከአፉ እንዳያወጣ አስጠነቀቀችው፤ ዳኛ ፊት እንደ እምነት ቃል ትቆጠርበታለች። ወንድሜ የሚዜዎቹ ስም በወረቀቱ እንዳይነሳ ለመናት። አማቾች በክስ ከተያያዙ ሙሽራዋ በዚያ ቤት ምን ኑሮ ይኖራታል አላት።

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ደንበኛዬ ማን ነው? ትዳሩ ነው ወይስ ማኪናዋ?"

እሷ ስትናገር እሷ ልክ ናት፣ እሱ ሲናገር እሱ። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ማኪናዋ ለምን ሰው ደጅ ትቆማለች?

በመጨረሻ ማስጠንቀቂያው ለጊዜው እንዲቆይ፣ በሽማግሌ እንዲሞከርና ወንድሜ ያቺን ቃል እንዳይናገር ተስማማን። መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት ሁለታችንም መካነ ብርሃን ወጣን።

የሙሽራዋ አባት ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ የሙሽራው አባትም መሐላቸው ተቀምጠዋል። ማኪናችን አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ዶሮ ጣሪያዋ ላይ ወጥቷል። ትልቁ ሽማግሌ ወንድሜን ምን ትላለህ አሉት። እኔን አየ። እንዳይናገር ራሴን ነቀነቅሁ። ዝም አለ። እንደገና ጠየቁት፣ ዝም። ጉርምርምታ ተነሳ። በጥፋቱ ላይ ኩራት ጨመረ መባሉ ነው። ያን ጊዜ ወደ ሙሽራዋ አባት ዞሬ ምላሴ አመለጠኝ።

"አያ፣ ቁም ሳጥኑን የጣለው ወንድሜ አይደለም። አንቱም ያውቃሉ።"

ማወቃቸውን በምን አውቄ እንዳልኩ እግዜር ይወቀው። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አንዱ የከተማ ልጅ ናት አለ፣ ስድብ ይሁን ይቅርታ አልገባኝም። አባትየው ተነሱና ሁለታችንን ወደ ማኪናዋ ወሰዱን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የዚያን ዕለት ገና ከጋቢናው ሳይወርዱ በስፖኪዮው መስታወት ሁሉንም እንዳዩ ነገሩን።

"ምነው ታዲያ ቁልፉን ያዙብን?"

"ልጄን የሰጠሁትን ቤት ልክሰስ እንዴ? የሙሽራው ወገኖች የማኪናዋን መያዝ ሰምተው፣ 'የጣሉት የኛ ልጆች ናቸው' ብለው እስኪመጡ ነበር የጠበቅሁት።"

"አልመጡማ።"

"አልመጡም" አሉ። ከዚያ ወንድሜን ትከሻውን ያዙት። "ግባና ያችኑ ቃል በላት፣ ልጄ። እኔም በሰው ፊት ይቅር ልበልህና ቁልፍህን ውሰድ። የሙሽራው አባት ፊት አይጥቆር።"

ላልሠራው ጥፋት ይቅር ሊባል! ስልኬን አውጥቼ ጠበቃዋን ልጠይቅ ብል ኔትወርክ የለም። አጥሩን ዞርኩ፣ ድንጋይ ላይ ወጣሁ፣ የለም። ወንድሜ መጣና "ልበላት?" አለኝ። በዕድሜው ምክር ጠይቆኝ አያውቅም። ለሁሉ ነገር መልስ አላጣም ነበር። "አላውቅም" አልኩት።

ገብቶ ያቺን ቃል አለ። የሙሽራዋ አባት ይቅር አሉት። የሙሽራው አባት ተነስተው ወንድሜን ትከሻውን ሳሙት፤ ዓይናቸውን ግን ሽቅብ አላነሱም። መስታወቱን እሳቸው እንደሚያሠሩ ወደ ግድግዳው እያዩ ተናገሩ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቁልፉ ከኪስ ወጣ።

ደባርቅ ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ፤ ጠበቃዋ ናት። ተናግሯል ወይ አለችኝ። ማኪናዋን ይዘን እየመጣን ነው አልኳት። እሱን አልጠየቅሁሽም አለች። ተናግሯል አልኳት፤ የሆነውንም ሁሉ ዘረገፍኩላት። ተረታን ማለት ነው ወይስ ረታን ብዬም ጠየቅኋት። ወንድሜ ማርሽ እየቀየረ ጆሮውን ወደኔ ጣል አደረገ።

እሷ ግን፣ "ሙሽራዋስ ምን አለች?" አለችኝ።

ሙሽራዋን አላየናትም። የት እንዳለችም የጠየቀ ሰው አልነበረም።