የቡሬው ማረፊያና የእኔ እግር

መነሻ፦ አዲስ አበባ

የአውሮፕላን መሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፤ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ግን በአውቶቡስ ነው። አውሮፕላኑ ሞልቶ ነበርና ቦታዬን ለከፋይ መንገደኛ ለቀቅሁ። የመጨረሻ ልጄን የሚያህለው አለቃዬ ሲሸኘኝ፣ «የቡሬው ማረፊያ አውሮፕላን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚፈጀው ውሃና ላምባ ግን የትልቅ ከተማ ነው። ምክንያቱን አይተው ይምጡ። የማይቀንስ ከሆነ ጠባቂው ይነሣል» አለኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ አልጠየቅሁም። በመሥሪያ ቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ ቢጠፋ የማይፈለገው እኔ ነኝ።

ፍኖተ ሰላም

የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስ አድረን፣ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ምሳ ሰዓት ነበር። አቧራው ሽበቴን ሸፍኖልኝ ወጣት መስያለሁ። በሃምሳ ሳንቲም ሽሮ በላሁ፤ ቃሪያው ምርቃት ነው። አብረውኝ የተሳፈሩት የቋሪት ቄስ ሥራዬን ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ታዲያ አውሮፕላን እያለዎ በዚህ አቧራ?»

«ሞልቶብኝ ነው አባ።»

«እንግዲያ የጠጅ ጣይ ባል ሆነዋላ፤ እሷ ትጥላለች፣ እሱ ውሃ ይጠማዋል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ቡሬ

ከከተማው እስከ ሜዳው በቅሎ ተከራየሁ። ገና ኮርቻው ላይ ስወጣ በቅሎዋ ዞራ አየችኝና ቆመች። ለመንኳት፣ ሰደብኳት፤ በመጨረሻ ወርጄ ልጓሟን ይዤ እየመራኋት፣ በቀላው የበርበሬ ማሳ መካከል በእግሬ ደረስኩ።

ማረፊያው አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት። በጠራራ ፀሐይ በረንዳዋ ላይ ፋኖስ ይበራል። ከበሩ በላይ «እንግዳ መቀበያ» ተብሎ ተጽፏል። ገና አፌን ሳልከፍት የጠባቂው ባለቤት ወይዘሮ አትጠገብ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡና ጫማዬን አውልቀው እግሬን ያጥቡኝ ጀመር። ለምርመራ መምጣቴን ልናገር ነበር፤ ጣቶቼ መካከል ሲደርሱ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ በረንዳው በሰው ተሞልቷል። አንድ ነጋዴ ሊሳፈር፣ ደብሩ በሙሉ ሊሸኘው መጥቶ፣ ሁሉም ተራ በተራ ይታጠባል። በርሜሉ ነጥፎ ጠባቂው አቶ ደምሌ በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የተከራዩትን አህያ እየነዱ ውሃ ሊቀዱ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

አውሮፕላኑ መጥቶ ነጋዴውን ይዞ ከሄደ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አቶ ደምሌ ጎንበስ ብለው አፈሩን ነኩ።

«እርሻዬ ይህ ሜዳ ነበር፤ ለአውሮፕላኑ ለቅቄ በምትኩ ጥበቃውን ተቀበልሁ። ከዚህ ከተነሣሁ የት እወድቃለሁ?»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ለምን?»

«እንግዳ መቀበያ ብላችሁ የጻፋችሁ እናንተ። እግሩ ሳይታጠብ እንግዳ ተቀበሉ ይባላል?»

«ፋኖሱስ?»

«እንግዳ መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል?»

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ጽሑፉን «የመንገደኛ ማረፊያ» ብለን እንለውጠው አልኩ።

«ማረፊያ ካላችሁማ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ፣ «መኝታም ላሰናዳ ነው።»

ጽሑፉን ተውኩት። ጥቂት አስቤ፣ «እመቤቴ፣ ሸኚ እንግዳ ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም። ሸኚማ የቤት ሰው ነው።»

«በአውሮፕላን የመጣስ እግሩን ምን ነካው?»

ወይዘሮ አትጠገብ ሰማዩን አዩ። «እውነትም አቧራ የለበትም። እንግዲያ የሚታጠብ ማን ቀረ?»

ሦስታችንም እግሬን አየነው።

በማግስቱ ፋኖሱን አጠፋነው፤ እንግዳ በሌሊት ሲመጣ እንዲለኮስ ክብሪት አጠገቡ ተቀመጠ። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ሲኖር ብቻ እንዲታጠብ፣ እጣቢውም ለጓሮው ጎመን እንዲሆን ተስማማን። በዚያ ቀን የተቀዳው ውሃ እስክነሣ ድረስ ከበርሜሉ አላለቀም።

መመለሻ

ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«ውሃውን የጨረሰው በር ላይ የጻፍነው ቃል ነው» አልኩት፤ «የተረፈውን ደግሞ እኔ።» የእግሬን ታሪክ እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

ወደ መስኮቱ ዞሮ ሳቁን ከጨረሰ በኋላ፣ «ጠባቂው ይቆይ» አለ። «እርስዎ ግን ዳግመኛ ቡሬ አይሄዱም። ውሃ እንቆጥብ።»

ቤቴ ስገባ የመንገዱ አቧራ እግሬ ላይ እንዳለ ነበር። ባለቤቴን እግሬን እንድታጥበኝ ጠየቅኋት።

«አንተ ደግሞ ምን እንግዳ ነህ?» አለችኝ።

እኔ ድሮ ቧንቧውን ለቅቄ፣ ወሬ እያወራሁ ነበር የምታጠበው። ያን ቀን በጣሳ ቀዳሁ። አንድ ጣሳ ለሁለት እግር እንደሚበቃ ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው።