የእድራችን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ለክፍለ ግዛቷ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲመረጥ፣ የእሷ ሰው መራ፣ ተመራ፣ ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ እንደገና ይቆጠር ተባለ እያለች ሳምንት ሙሉ በስልክ አደከመችኝ። በመጨረሻ ሲሰለቸኝ፣ «እኛም እኮ ለንደን ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እንመርጣለን። እኔ ራሴ ተወዳድሬ በአንድ ድምፅ ነው የተሸነፍኩት» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አልቀለድኩም። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ የጻፉት በደርግ ጊዜ የወጡ፣ አገር ቤት ትልልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ናቸው። እዚህ መጥተው የመኪና ማቆሚያ ቢጠብቁም፣ ቢሮ ቢያጸዱም፣ ብዕራቸው ከሥልጣን አልወረደም። ሰው ሲሞት ተሰብስቦ ለመቅበር አንድ ገጽ ይበቃን ነበር፤ እነሱ ግን ምዕራፍ፣ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት አወረሱን። ከዌምብሊ እስከ ቶተንሃም ተበትነን የምንኖር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለንበት፣ አብዛኞቻችን አውቶቡስና ታክሲ የምንነዳ ሰዎች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ በምንከራየው አዳራሽ ተሰብስበን በዚሁ ደንብ እንተዳደራለን።

የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥራ ከስሙ በጣም ያንሳል። አርፍዶ የመጣን ይገሥጻል፣ ስልኩ የጮኸበትን ያስወጣል፣ የተኳረፉትን ያስታርቃል። አንድ ከባድ ሥልጣን ግን አለው። ያለ ፈቃድ ሦስት ጉባኤ በተከታታይ የቀረ አባል ስሙ ለስረዛ ይቀርባል፤ የሚምረውም የሚያሰናብተውም ዐቃቤ ሕጉ ነው። የቀድሞው ዐቃቤ ሕጋችን በዘመኑ ሁሉ ማንንም ሰርዞ አያውቅም። ዝርዝሩ ሲቀርብለት መነጽሬን ረሳሁ ይል ነበር። እሱ ጡረታ ወጥቶ ማንቸስተር ወዳለች ልጁ ዘንድ ሲሄድ ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ የፈለገውም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እኚህ ሰው አገር ቤት ዳኛ ነበሩ። እዚህ በአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ሴኩሪቲ ናቸው፤ የመግቢያ ካርዱን የረሳ ሰው የሕንፃው ባለቤት እንኳ ቢሆን አያሳልፉም ይባላል። ክፉ ሰው አይደሉም። ሕግ ግን ይወዳሉ፤ ሌላው ሰው ኳስ የሚወደውን ያህል። ከምርጫው በፊት በነበረው ጉባኤ ያደረጉት የምረጡኝ ንግግር አጭር ነበር። «ደንብ ካለን ይከበር፤ የማይከበር ከሆነ ቀደን እንጣለው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ገና እጄን ሳላወርድ ነው ጋሼ ትዝ ያሉኝ።

ጋሼ በሥጋ ምኔም አይደሉም። ለንደን የገባሁ ጊዜ ፎርሜን የሞሉልኝ፣ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ኮታቸውን ለብሰው አብረውኝ የሄዱ ሰው ናቸው። አገር ቤት የሒሳብ መምህር ነበሩ። አውቶቡስ ለመንዳት አፕላይ ሳደርግ፣ ማን ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ድንች እየደረደሩ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ድንቹን ቀቅለን በላነው። አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ዌምብሊ አንድ ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። ሚስትም ልጅም የላቸውም። በተከታታይ ሁለት ጉባኤ ሳይገኙ ቀርተዋል። ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ ብዬ አንድ ጊዜ ዞር ባለ መንገድ ባነሳባቸው፣ «ለመታመም የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም» ብለው ዘጉኝ።

የሚፈሩት ነገር አንድ ብቻ ነው። «ሰው የሌለው ሰው ሲሞት ካውንስሉ ሬሳውን ያቃጥለዋል አሉ» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ካውንስል የሚሉት የሰፈሩን አስተዳደር ነው። እውነት ይሁን አይሁን ቼክ አላደረግኩም። እሳቸው ያምኑታል፣ ያ በቃኝ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ይፈታና «ለእኔስ እድሬ አለልኝ» ይላሉ። ታዲያ ይኸው እድራቸው በሦስተኛው ጉባኤ ሊሰርዛቸው ነው።

ስለዚህ ተመዘገብኩ። የማውቀው ሕግ የመንገድ ሕግ ብቻ ነው፣ ግን ተመዘገብኩ። ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም። ስማቸውን አንስቼ «እኚህ ሰው ሊሰረዙ ነው» ብል በሰው ፊት አሳጣቸዋለሁ። ለራሳቸውማ እንዴት ብዬ? ያስተማረኝን፣ ያቋቋመኝን ሰው «ቀባሪ ሊያጡ ነው» ይሉታል? ሊቀመንበሩ ለምን እንደምወዳደር ሲጠይቀኝ «የሴቶችን ተሳትፎ ለማሳደግ» አልኩ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

ቅስቀሳው የጉድ ነበር። ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ድምፄ ያንቺ ነው» አለኝ። ቤት ገብቼ ቃል የገቡልኝን ስቆጥር ከአባላቱ ቁጥር በለጡ፤ ሁለቴ የማሉልኝም ነበሩ። ኋላ እንደሰማሁት ዳኛውም ቤታቸው ተቀምጠው እንደዚሁ ቆጥረው ደስ ብሏቸው ነበር። ሰው ፊት እምቢ ማለት የማይሆንለት ሕዝብ ምርጫ ሲያካሂድ፣ ድምፁ እስኪቆጠር ድረስ ሁሉም አሸናፊ ነው።

በኮቪድ ጊዜ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨምሮ ነበር፤ ከቤት መውጣት የማይችል አባል ድምፁን በታሸገ ኤንቨሎፕ ይላክ የሚል። ከዚያ ወዲህ ምርጫ ስላልነበረ የተጠቀመበት ሰው የለም። እኔ ትዝ አለኝና ከጉባኤው በፊት ባለው ቅዳሜ ዌምብሊ ሄድኩ። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ጻፉ፣ አሸጉ፣ በላዩ ላይ ሙሉ ስማቸውን በዚያ በመምህር እጅ ጽሑፋቸው አስቀመጡ። «አደራ» ብለው ሰጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁትና፣ ቢያንስ አንድ የተረጋገጠ ድምፅ አለኝ እያልኩ በባቡር ፈገግ እንዳልኩ ተመለስኩ።

በጉባኤው ቀን ደንቡ እንደሚያዘው ተወዳዳሪዎቹ ድምፅ ሳንሰጥ ወጥተን የአዳራሹ ወጥ ቤት ውስጥ ቆየን። ዳኛው ውሃ አፍልተው ለእኔም ሻይ ቀዱ።

«ኧረ እርስዎ አይልፉ፣ እኔ አለሁ አይደል?» አልኳቸው።

«ተቀናቃኜ ነሽ እንጂ ጠላቴ አይደለሽም። ስኳር ስንት?»

«ሁለት።»

አማሰሉልኝና፣ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይህን ወንበር ለምን ፈለግሽው?» አሉኝ።

«የሴቶችን ተሳትፎ…»

«እሱንማ ሰምቻለሁ» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ተጠራን። ሊቀመንበሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ጮክ ብሎ አነበበ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሳቸው፣ ሁለት ለእሳቸው፣ ሁለት ለእኔ። ሠላሳ አራት ለሠላሳ አራት። አዳራሹ ውስጥ ስልክ እንኳ አልጮኸም። «አንድ ኤንቨሎፕ ይቀራል» አለ ሊቀመንበሩ፣ ላዩ ላይ ያለውን ስምም አነበበ። ጋሼና እኔ ምን እንደሆንን የማያውቅ አባል የለም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሸናፊ እንደሚገባው አቀረቀርኩ፤ ለምስጋና ንግግሬም የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። ድምፅ ምስጢር ነው ይላል ደንባችን፣ ግን አንድ ኤንቨሎፕ ብቻ ሲቀር ምን ምስጢር አለ? ሊቀመንበሩ ከፈተው፣ አየው፣ ገልብጦ አየው፣ ከዚያ አነበበው። የዳኛው ስም ነው።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በገዛ ቦርሳዬ፣ በገዛ ባቡር ትኬቴ ሽንፈቴን ተሸክሜ መጥቼ! ግማሹ አዳራሽ ሲያጨበጭብ፣ ቃል ከገቡልኝ ሰዎች መካከል ጠንክረው የሚያጨበጭቡትን በዓይኔ ለቀምኳቸው።

ሊቀመንበሩ እኩያዬ ነው፤ ታክሲ ነጂ፣ ቶተንሃም ጎረቤቴ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ኦብጀክት አድርጊ! አሮጌው አንቀጽ ድምፅ የሚሰጠው በጉባኤው የተገኘ አባል ብቻ ነው ይላል። ኤንቨሎፑ ይወድቃል። እኩል ከሆናችሁ ደግሞ የምለያችሁ እኔ ነኝ፣ ለማን እንደምሰጥ ታውቂያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለቱ አንቀጾች አንድ ደንብ ውስጥ እየኖሩ ተያይተው አያውቁም።

ተነሣሁ። ልዋሽ አልችልም፣ እልህ ይዞኝ ነበር። ወንበሩን በዚያች ደቂቃ ለራሴ ፈለግኩት። በጋሼ ላይም በጣም ተናድጄ ነበር። «አባሉ በጉባኤው ስላልተገኙ…» ልል አፌን ስከፍት፣ ዓይኔ ጸሐፊዋ ፊት በተዘረጋው የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ላይ አረፈ። አልተገኙም ካልኩ ጸሐፊዋ «ቀሪ» ብላ ትጽፋለች። ሦስተኛቸው ነው። ካሸነፍኩ በኋላ ልማራቸው ብል ደግሞ ደንቡ ይከለክለኛል፤ ጥፋቱን ያመለከተ ሰው ራሱ ሊፈርድበት አይችልም፣ ጉዳዩ ወደ ጉባኤው ይሄዳል ይላል። ጉባኤው ደግሞ ያ «ደንብ ይከበር» ሲባል ያጨበጨበው ሕዝብ ነው። ቀና ስል ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ ትክ ብለው ያዩኛል። እኔ አሁን የደረስኩበት ቦታ እሳቸው ቀድመውኝ ደርሰው ቆመው ነበር።

«ኤንቨሎፑ ትክክለኛ ነው» አልኩ። «አባሉ ድምፃቸውን ሰጥተዋል፣ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ የተገኘ አባል ነው። ስለዚህ ተገኝተዋል ተብሎ ይመዝገብልኝ።»

ሊቀመንበሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ዳኛው ተነሡ። «እደግፋለሁ» አሉ። «ተገኝተዋል ተብሎ ይመዝገብ። ከዛሬ ጀምሮም በኤንቨሎፕ የተሳተፈ አባል ሁሉ እንደተገኘ ይቆጠራል። የመጀመሪያ ውሳኔዬ ነው።» ጸሐፊዋ ጻፈች። ሰው ምን እንደተፈጸመ ሳይገባው አጨበጨበ።

ስንወጣ ዳኛው በር ላይ ጠበቁኝ። «ብትቃወሚ ወንበሩ ያንቺ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለስረዛ በሚቀርቡት ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነበር?»

«ሕጉን» አሉ። ቢያንስ አልዋሹኝም።

በማግሥቱ ከሥራ መልስ ዌምብሊ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር፣ ግማሹ ስድብ ነበር። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ፣ «ለምን ለእሳቸው ሰጡ ጋሼ?» አልኳቸው።

ጥያቄው አስገረማቸው። «አንቺማ ማሸነፍሽ አይቀርም ብዬ ነዋ! ያን ሁሉ ሰው በአውቶቡስ ስታመላልሺ እየኖርሽ ማን ይነፍግሻል? ሰውየውን ግን አሰብኩት። ዳኛ የነበረ ሰው ባዶ እጁን ከአዳራሽ ሲወጣ ነውር አይደለም? አንድ እንኳ ይኑረው ብዬ ነው።»

«ሠላሳ አራት ነበራቸው እኮ፣ ከእርስዎ ሌላ።»

«እንግዲያው ሠላሳ አራት ሰው እንደኔ አዝኖለታል ማለት ነው» አሉ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ያዘጋጀሁት ስድብ ከየት ይምጣ? እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ለመሆኑ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ሥልጣን ያማረሽ? ምን ጎደለሽ?» አሉኝ፣ እንደ ድሮው በመምህር ዓይን እያዩኝ። ልነግራቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የዋጥኩት እየመረረኝ ነው። «እንዲሁ ነው» አልኩ።

«እንዲሁ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሥልጣን እንዲሁ አይፈለግም ልጄ። ደግሞም አትዘኚ፣ የሆነው ይሻላል። አንቺ ሆደ ቡቡ ነሽ፣ ለሁሉ ስታዝኚ ደንቡን ታፈርሺዋለሽ። ደንብ ከፈረሰ እኔን የመሰለ ሰው የሌለው ሰው ምን ይውጠዋል? እንደሱ ያለ ጥብቅ ሰው ካለ እድሬ አይጥለኝም።»

«ልክ ነዎት ጋሼ» አልኳቸው፤ በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ሰው አናድዶኝም፣ በመሸነፌ ደስ ብሎኝም አያውቅም።