መሪጌታ ወልደ ሰንበት የጣሉት ትራፊ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ዓይናቸው እየጠፋ መሆኑን የነገራቸው አንድ የደብረ ማርቆስ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። «ደቃቅ ጽሑፍ ይተዉ፤ አለዚያ ዓመት ሳይሞላ አያዩም» አላቸው። እሳቸው ደግሞ ደቃቅ ጽሑፍ የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነበር፤ ጉድ እኮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሱሩር የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ተመድቦ መጣ። ይህ ወጣት ከምድር ርቆ፣ ፀሐይ በማታይበት ወገን ስለተዘረጋ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚያልፍበት ስስ የጋዝ ንጣፍ ሲጨነቅ የሚውል ነው። ንጣፉ እየሳሳ ሲሄድ ይቀደዳል ወይስ ይጸናል? ፈረንጆቹ ይህን በኮምፒዩተር ያሰላሉ። ጎጃም ውስጥ ኮምፒዩተር የለም። ዲማ ገዳም ባሕረ ሐሳብ ተምረው የፋሲካን ቀን በቃላቸው የሚያወጡ፣ በትምህርት ቤቱም ግብረ ገብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ግን አሉ።

ሱሩር ንጣፉን በአርባ ቁራጭ ከፈለው። እያንዳንዱ ቁራጭ ጎረቤቶቹ ሲገፉትና ሲስቡት የት እንደሚደርስ መሪጌታ በእጃቸው ያሰላሉ፤ የዛሬው ውጤት የነገው መነሻ ነው። ሥራው ከሰመረ ሱሩር አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሊያስቀጥራቸው ቃል ገባ። አዲስ አበባ ደግሞ የዓይን ሐኪም አለ። ስሌቱ ከጨለማው መቅደም ነበረበት። ድሬሰሩ ያላቸውን ግን ለማንም አልተናገሩም፣ ለባለቤታቸው ለሥራነሽ እንኳ።

አሥራ አንድ ወር ሠሩ። መጀመሪያ መስኮት አጠገብ፣ ኋላ ደጅ ፀሐይ ላይ ወጥተው፣ በመጨረሻ ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው። ንጣፉ አልተቀደደም፤ እንዲያውም ጸጥ ብሎ ረጋ። መሪጌታም ደስ አላቸው፤ የረጋ ነገር ማን ይጠላል።

ሱሩር ገጾቹን ሲያገላብጥ ፊቱ ጠቆረ።

«መሪጌታ፣ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ይያዙ ብዬዎት ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የት ሄዱ?»

«ጣልኋቸዋ። አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላሉ፤ ቁም ነገር የላቸውም። እኛ ዘንድ ዘመኑን ለአራት አካፍለን መጠነ ራብዒት ስናወጣ ትራፊውን እንጥለዋለን። የኔታ ያስተማሩኝ እንዲሁ ነው።»

ሱሩር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ንጣፉን የሚቀደው እኮ እሱ ትራፊው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ኢምንት ነው፤ ከተዉት በየቀኑ እየተባዛ ያድጋል። እርስዎ በየቀኑ ሲነቅሉት ከረሙ።»

አንጀት ይበላል። ሰውየው አልሰነፉም፣ አልዋሹም፣ አንዲት መደመር እንኳ አልሳቱም። ልፋታቸውን ገደል የከተተው ጥንቃቄያቸው ነው።

«ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ምክንያቱን አልነገርኩዎትም» አለ ሱሩር። የመጀመሪያውን ገጽ ቁጥሮች በአዲስ ወረቀት ገልብጦ ሰጣቸው። «ከዚህ እንጀምር። አሁን መንገዱን ስላወቁት የአምናውን ያህል አይፈጅም።»

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ደጅ ወጡ፤ እኩለ ቀን ነበር። ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ አቀረቡት፣ አራቁት። ሱሩር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«ልጄ» አሉት፣ «ይህ የሰጠኸኝ ወረቀት የተጻፈበት ነው ወይስ ባዶ?»